የአንጎል ምስል ጥናት ስታቲስቲክስ፦ ተሳታፊው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልቅ ሥራ

የኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በመግነጢስ ማሽን በምስል የሚያሳይ ዘዴ) ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትንተናው ላይ ሳይሆን ዲዛይኑ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ስለ ስታቲስቲክስ ማሰብ የሚጀምረው የመጨረሻው ተሳታፊ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሁለት ነገሮች በጊዜ ተደራርበው ከተቀረጹ የሚለያቸው ቀመር የለም። ተሳታፊ ካነሰም የሚጨምርላችሁ ሶፍትዌር የለም። የማሽኑ ሰዓት ደግሞ ውድ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ቲ-ቴስትና ሪግሬሽን ለሚያውቅ፣ የአንጎል ምስል ግን አዲስ ለሆነበት ሰው ነው። የሳይኮሎጂ፣ የኒውሮሎጂ፣ የራዲዮሎጂ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሆናችሁ ይመለከታችኋል። ማሽን ባይኖራችሁም መሥራት ትችላላችሁ። ኦፕንኒውሮ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም በነጻ የሚያወርዳቸው ጥናቶች አሉ። ከእነሱ አንዱን እዚህ ምሳሌ አደርገዋለሁ።

ጥናቱ የፍላንከር ሙከራ ይባላል። ስክሪኑ ላይ አምስት ቀስቶች በአንድ መስመር ይመጣሉ። ተሳታፊው የመሀሉ ቀስት ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ የሚያመለክተው የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይመልሳል። አንዳንዴ አምስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ይህን «የሚስማማ» እንበለው። አንዳንዴ የመሀሉ ብቻውን ወደ ተቃራኒው ያመለክታል፤ ይህን «የሚጋጭ» እንበለው። ሰው በሚጋጨው ላይ ይዘገያል፣ የበለጠም ይሳሳታል። ጥናቱ ላይ 26 ጤናማ አዋቂዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ዙር ሠርተዋል። በአንድ ዙር 12 የሚስማሙና 12 የሚጋጩ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ማሽኑ በየ2 ሰከንዱ የሙሉ አንጎሉን ምስል እያነሳ በአንድ ዙር 146 ምስል ይሰበስባል።

መጀመሪያ፦ ማሽኑ ምን እንደሚለካ ልብ በሉ

ኤፍኤምአርአይ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ኦክስጅን ያለውና ኦክስጅን ያጣው ደም በመግነጢስ መስክ ውስጥ የሚያሳዩትን ልዩነት ነው። ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን አሳዩ፤ ምልክቱም ቦልድ ተባለ። ለስታቲስቲክስ ሥራ ከዚህ ምልክት ሦስት ጠባዮች ያስፈልጉናል።

አንደኛ፣ ቀርፋፋ ነው። ቀስቱ ስክሪን ላይ ከታየ በኋላ ምልክቱ ጫፍ ላይ ለመድረስ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ደግሞ ከ20 ሰከንድ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ነው። ማሰብ በሚጠይቁ ሙከራዎች ለውጡ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ሦስተኛ፣ አንጎሉ በትናንሽ ኩቦች ተከፋፍሎ ነው የሚለካው። ኩቦቹ ቮክሰል ይባላሉ። በ3 ሚሊሜትር ቮክሰል አንድ አንጎል ከ50 ሺህ በላይ ይኖረዋል። ከዚህ በታች የማነሳው ችግር ሁሉ ከሞላ ጎደል ከእነዚህ ሦስቱ የሚመጣ ነው።

1. ጥያቄያችሁን የመቀነስ ስሌት አድርጉት

«ትኩረት አንጎል ውስጥ የት ነው?» የሚል ጥያቄ አይተነተንም። የሚተነተነው «የሚጋጭ ሲቀነስ የሚስማማ ከዜሮ ይበልጣል ወይ?» የሚለው ነው። ቦልድ በራሱ መለኪያ አሃድ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሁኔታ ታወዳድራላችሁ። ይህ ማወዳደሪያ ኮንትራስት ይባላል። ሞዴላችሁ ውስጥ የሚስማማውና የሚጋጨው በዚህ ቅደም ተከተል ሁለት ዓምድ ቢኖራቸው፣ ኮንትራስቱ −1 እና +1 ነው። አንድ መላምት፣ አንድ የቁጥር መስመር። መላምታችሁን እንዲህ መጻፍ ካቃታችሁ ገና ሙከራ አላችሁ ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ ክፉ ጥያቄ ጠይቁ፦ በሁለቱ መሀል ከምፈልገው ነገር ሌላ ምን ይለያያል? በፍላንከር ዋናው ተጠርጣሪ የምላሽ ጊዜ ነው። በሚጋጨው ላይ ሰው ስለሚዘገይ አንጎሉ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ረጅም ሥራ ደግሞ ትልቅ ቦልድ ይሰጣል። እናም የፊተኛው ሲንጉሌት (ከአንጎሉ ፊት፣ በመሀል ያለ ክፍል) አካባቢ ሲበራ ምክንያቱ ግጭቱ ራሱ ነው ወይስ መቆየቱ ብቻ? መልሱን ከፈለጋችሁ የምላሽ ጊዜን እንደ ተጨማሪ ዓምድ ሞዴሉ ውስጥ ታስገባላችሁ። ለሁለቱም ሁኔታዎች አንድ የጋራ ዓምድ ይሁን። ለየብቻ ከሆነና በየሁኔታው አማካይ ከተስተካከለ፣ በሁኔታዎቹ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት አይዝላችሁም። ዓምዱን ማስገባት ወይም አለማስገባት የሳይንስ ውሳኔ ነው። ካርታው ከታየ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ግን ዋጋ የለውም።

መቀነስ ሌላም ነገር ይደብቃል። «የሚጋጭ ይበልጣል» የሚለው ውጤት ከሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል። ወይ የሚጋጨው ከፍ ብሏል፣ ወይ ሁለቱም ከመነሻው ወርደው የሚስማማው የባሰ ወርዷል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም አላቸው። እቅዳችሁ ውስጥ እያንዳንዱን ሁኔታ ከመነሻው ጋር ለየብቻ የማየት ሥራ ጻፉ።

2. ሰዓቱን በጥንቃቄ ቁረጡ

ሁለት ዓይነት አደራደር አለ። በብሎክ አደራደር አንድ ዓይነት ጥያቄ ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ደጋግማችሁ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ልዩነት መኖሩን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ምልክቱ ይደራረብና ይጎላል። ችግሩ ተሳታፊው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። በፍላንከር ላይ ያ ሙከራውን ይገድለዋል፤ የሚጋጩት ተከታትለው ከመጡ ሰው ይዘጋጃልና ግጭቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ጥናት ሁለተኛውን መረጠ፦ ጥያቄዎቹን ቀላቅሎ አንድ በአንድ ማቅረብ። ስህተት የሠራባቸውን ለይታችሁ ማውጣት የምትችሉትም በዚህኛው ብቻ ነው።

አንድ በአንድ ስታቀርቡ በጥያቄዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ይለያይ። በዚህ ጥናት ከ8 እስከ 14 ሰከንድ ይለዋወጣል። ይህ ጂተር ይባላል። ለምን እንደሚያስፈልግ በሌላ ምሳሌ ላሳያችሁ። በእያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ፍንጭ ይምጣ፣ ልክ በ2 ሰከንዱ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይከተል። የፍንጩ ምልክት በ5ኛው ሰከንድ ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ የጥያቄው በ7ኛው። ሁለቱ ኩርባዎች አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ። ሪግሬሽኑ ምልክቱን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ግን ቁጥሩ በትንሽ ኖይዝ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ በፍንጩና በጥያቄው መሀል ያለውን ክፍተት መለዋወጥ፣ ወይም አልፎ አልፎ ፍንጩን ብቻ አቅርቦ ጥያቄውን መተው።

በጣም ረጅም ዑደትም አትጠቀሙ። የማሽኑ ምልክት በራሱ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ ሶፍትዌሮች ይህን ለማጥፋት ዝግ ያሉ ለውጦችን ያጣራሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኤስፒኤም ካልነካችሁት በስተቀር ከ128 ሰከንድ በላይ የሆነ ዑደትን ያስወግዳል። 80 ሰከንድ ሥራ፣ 80 ሰከንድ እረፍት ብላችሁ ከሠራችሁ የራሳችሁን ውጤት አብራችሁ ትጥላላችሁ።

3. ዲዛይን ማትሪክሱን ሰው ሳይገባ ሥሩት

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው። እኔ ግን የሥራው እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። የጥያቄዎቹ ሰዓት ከታወቀ ሞዴሉ ይታወቃል። ተሳታፊ አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ዙር 146 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ አንድ ረድፍ ለአንድ ምስል። ዲዛይን ማትሪክስ የሚባለው ይህ ሰንጠረዥ ነው። ለሚስማማው አንድ ዓምድ፣ ለሚጋጨው አንድ ዓምድ ይኑር። ጥያቄው የቀረበበት ሰዓት ላይ ምልክት አድርጉና ከቀርፋፋው የደም ምላሽ ኩርባ ጋር አዋህዱት፤ ስሌቱ ኮንቮሉሽን ይባላል፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ይሠራዋል። ለስህተት ምላሾች ሦስተኛ ዓምድ ጨምሩ። ስህተት ያልሠራ ሰው ዓምዱ ባዶ ስለሚሆን ኮዳችሁ ይህን ቀድሞ ያስብበት። ከዚያ የጭንቅላት እንቅስቃሴ 6 ዓምዶችና የማያቋርጥ 1 ብቻ ያለው ዓምድ ይከተላሉ።

አሁን ሁለት ነገር ፈትሹ። በዓምዶቹ መካከል ያለው ተዛምዶ ስንት ነው? ቪአይኤፍ የሚባለው፣ አንዱ ዓምድ ከሌሎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚደራረብ የሚያሳየው መለኪያ ከ5 ካለፈ ሰዓቱን እንደገና ቁረጡ። ቀጥሎ፣ ለኮንትራስታችሁ የዲዛይኑ ቅልጥፍና ምን ያህል ነው? ኮምፒውተሩ 1,000 የተለያየ ቅደም ተከተል በእጣ ያውጣ፣ ለእያንዳንዱ የኮንትራስቱን የግምት ስህተት ያስላ፣ ዝቅተኛ ስህተት ካላቸው መሀል ምረጡ። አንድ ከሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ተሳታፊ ሳትጨምሩ ጥናታችሁን ያጠነክርላችኋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። 146ቱ ምስሎች 146 ነጻ ምልከታዎች አይደሉም። አንዱ ምስል ከ2 ሰከንድ በፊት ከነበረው ጋር ይመሳሰላል። ይህ ካልታረመ ፒ-ቫልዩው በውሸት ያንሳል። ኤስፒኤም፣ ኤፍኤስኤልና አፍኒ ማረሚያ አላቸው። የእናንተው መከፈቱን አረጋግጡና የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

4. ስለ ኖይዝ ሕግ አውጡ

ምስሎቹን ለትንተና የማዘጋጀቱን ሥራ ዛሬ ኤፍኤምአርአይፕሬፕ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድ ወጥ መንገድ ይሠራዋል፤ እሱን ተጠቀሙና እለፉ። እናንተ የምትወስኑት የሚጣለውን ነው። ጭንቅላት በግማሽ ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ ምልክቱ ከምትፈልጉት ውጤት በላይ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ «በአንድ ዙር ከምስሎቹ ከ20 በመቶ በላይ ከ0.5 ሚሊሜትር የበለጠ እንቅስቃሴ ካላቸው ዙሩ ይወጣል» እንደሚለው ያለ ሕግ አስቀድማችሁ ጻፉ። ቁጥሩ የእናንተ ነው፤ ዋናው ውጤት ከመታየቱ በፊት መጻፉ ነው። ሕመምተኞችን ከጤነኞች፣ ሕጻናትን ከአዋቂዎች የምታወዳድሩ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። አንዱ ቡድን ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የአንጎል ልዩነት የመሰላችሁ የአንገት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

5. ስንት ሰው?

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ታዋቂ ግምገማ በኒውሮሳይንስ ጥናቶች መካከለኛው ፓወር 21 በመቶ አካባቢ መሆኑን ገመተ። ማለትም እውነተኛ ውጤት ቢኖር እንኳ ከአምስት ጥናት የሚያገኘው አንዱ ያህል ነው። የባሰው ደግሞ፣ ትንሽ ጥናት ሲያገኝ አጋንኖ ነው የሚያገኘው። መቁረጫውን (ውጤቱ ጉልህ የሚባልበትን የፒ-ቫልዩ ወሰን) ማለፍ የሚችለው በአጋጣሚ የተጋነነው ብቻ ነውና።

ስሌቱን በቁጥር እንየው። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሁኔታ ታወዳድራላችሁ፤ የውጤቱ መጠን በኮኸን ዲ (አማካይ ልዩነቱ ለመደበኛ መዛነፉ ሲካፈል) 0.5 ነው እንበል። አስቀድሞ ለተመረጠ አንድ አካባቢ፣ በ0.05 መቁረጫ፣ 80 በመቶ ፓወር ለማግኘት 34 ሰው ያስፈልጋል። መቁረጫው 0.001 ሲሆን ግን ከ70 በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው አንድ የታወቀ አካባቢ አስቀድሞ መምረጥ የተሳታፊ ቁጥር የሚቆጥብላችሁ።

የግለሰቦችን ልዩነት የምታጠኑ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንጎል ምልክትን ከጭንቀት መጠይቅ ነጥብ ጋር የምታዛምዱ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ተዛምዶው 0.1 ብቻ ከሆነ ለአንድ ፈተና እንኳ 780 ያህል ሰው ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የ50 ሺህ ገደማ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት እንዲህ ያሉ ተዛምዶዎች በአብዛኛው ጥቃቅን መሆናቸውን፣ አስተማማኝ ለመሆንም በሺዎች የሚቆጠር ሰው እንደሚፈልጉ አሳይቷል። 25 ሰው ይዛችሁ ወደዚህ ጥያቄ አትግቡ፤ ልመናዬ ነው። በ25 ሰው በአንድ ሰው ውስጥ ያለውን ልዩነት ማጥናት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ብዙ ጥያቄ እየሰጡ፣ የተሻለ ሳይንስ ነው።

6. ከአንድ ሰው ወደ ቡድን

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው ሁለት ዙር አዋህዳችሁ አንድ የኮንትራስት ካርታ ታወጣላችሁ። 26 ሰው ስለሆነ 26 ካርታ ይኖራል። በቡድን ደረጃ የሚገባው ይህ ብቻ ነው። የሁሉንም ሰው ምስሎች አንድ ላይ ከምራችሁ ካሰላችሁ ውጤታችሁ ስለ እነዚህ 26 ሰዎች ብቻ ይናገራል፤ ስለ ሌላ ሰው ምንም አይልም።

ለማነቃቂያዎቹም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ቀስት ቀስት ነው፤ እዚህ ችግር የለም። በአማርኛ ቃላት የንባብ ጥናት የምትሠሩ ከሆነ ግን 20 ቃላት ብቻ ለሁሉም ደጋግማችሁ ካሳያችሁ ውጤቱ የ20ዎቹ ቃላት ነው። ቃላቱን አብዙ። በፊደል ብዛት፣ በድግግሞሽና በትርጉም ዓይነት አመጣጥኑ። ከተቻለም ቃላቱን እንደ ናሙና የሚቆጥር ሞዴል ተጠቀሙ።

ሁለት ቡድን ስታወዳድሩ ደግሞ ይህን አትርሱ። «በሕመምተኞቹ ጉልህ ነው፣ በጤነኞቹ አይደለም፣ ስለዚህ ይለያያሉ» ማለት ስህተት ነው። አንዱ 0.04፣ ሌላው 0.06 ሊሆን ይችላል፤ በመሀላቸው ልዩነት አለ ለማለት ልዩነቱን ራሱን መፈተን ያስፈልጋል። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ ይህን ስህተት ለመሥራት ዕድል ከነበራቸው 157 የኒውሮሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ 79ኙ ሠርተውት አግኝቷል። በታላላቅ መጽሔቶች ላይ ነው ይህ።

7. 50 ሺህ ፈተና በአንድ ጊዜ

በእያንዳንዱ ቮክሰል ላይ አንድ ቲ-ቴስት ይሠራል። ምንም እውነተኛ ውጤት ባይኖር፣ 50,000 ቮክሰል በ0.05 ሲፈተን 2,500ው በአጋጣሚ ብቻ ይበራል። መቁረጫውን 0.001 ብታደርጉት እንኳ 50 ይቀራል። ምስሉ ስለተለሰለሰ (የጎረቤት ቮክሰሎች ዋጋ ስለተቀላቀለ) ደግሞ የበሩት ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ያኔ እውነት ይመስላሉ።

ይህን በማይረሳ መንገድ ያሳየው ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት ሥራ ነው። የሞተ የሳልመን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገቡ። የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ በፎቶው ያለው ሰው ምን እንደሚሰማውም ጠየቁት። እርማት በሌለው 0.001 መቁረጫ የዓሣው አንጎል ውስጥ «ሥራ» ታየ። እርማት ሲደረግ ጠፋ።

የቦንፈሮኒ እርማት 0.05ን ለ50,000 ያካፍላል፤ መቁረጫው አንድ ሚሊዮንኛ ይሆናል። ይህ ያልተገባ ጥብቅነት ነው፣ ጎረቤት ቮክሰሎች ነጻ አይደሉምና። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ክላስተር ይሄዳል፦ መጀመሪያ አንድ መቁረጫ፣ ከዚያ ተያይዘው የበሩት ስፋታቸው ከአጋጣሚ ይበልጣል ወይ የሚል ጥያቄ። ይህም ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ 499 ጤናማ ሰዎች እያረፉ የተነሱትን ምስል ወስደው 3 ሚሊዮን የውሸት የቡድን ትንተና ሠሩ። 5 በመቶ መሆን የነበረበት የውሸት ውጤት በአንዳንድ አሠራር እስከ 70 በመቶ ደረሰ። የመጀመሪያው መቁረጫ 0.01 ሲሆን ነበር የባሰው፤ በ0.001 በእጅጉ ቀነሰ። በአጠቃላይ በደንብ የቆመው የፐርሙቴሽን ፈተና ነው።

እኔም የምመክረው ፐርሙቴሽንን ነው። አሠራሩ ለመረዳት ቀላል ነው። 26ቱን ካርታዎች ያዙ። በእርግጥ ልዩነት ከሌለ «የሚጋጭ ሲቀነስ የሚስማማ» ቢባልም በተገላቢጦሹ ቢባልም ያው ነው። ስለዚህ ከሰዎቹ የአንዳንዶቹን ካርታ ምልክት በእጣ ገልብጡ፤ ፕላሱ ማይነስ፣ ማይነሱ ፕላስ ይሁን። የቡድኑን ቲ ካርታ እንደገና አስሉ። ከመላው አንጎል ትልቁን ቲ ብቻ መዝግቡ። በ26 ሰው ከ67 ሚሊዮን በላይ የመገልበጫ መንገድ አለ፤ 5,000 በእጣ የወጡ ይበቃሉ። የተመዘገቡትን 5,000 ትልልቅ ቲዎች በቅደም ተከተል ደርድሩና 95 በመቶው ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱ። መቁረጫችሁ እሱ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ እውነተኛ ቲ፣ በመላው አንጎል ላይ የታረመ ነው። ስለ ኖይዙ ቅርጽ ብዙ ግምት አልጠየቀም።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚፈትኑት። የጨመረውንም የቀነሰውንም በአንድ ጽሑፍ የምታሳዩ ከሆነ ለእያንዳንዱ 0.05 ሳይሆን 0.025 ተጠቀሙ። አለዚያ ስህተታችሁ እጥፍ ይሆናል።

8. የምትፈትኑትን የአንጎል አካባቢ ከሌላ መረጃ ምረጡ

መላምታችሁ ስለ ፊተኛው ሲንጉሌት ከሆነ እዚያ ብቻ ፈትኑ፤ የተባዛው ፈተና ችግር ይቀልላል። ግን ድንበሩን ከየት አመጣችሁት? ከአንጎል አትላስ፣ ከቀደመ ጥናት ወይም ለዚሁ ከተነሳ የተለየ ዙር ከሆነ ጥሩ። ከራሳችሁ ካርታ የበራውን ቆርጣችሁ፣ ከዚያው ቦታ አማካይ አውጥታችሁ፣ በዓምድ ግራፍ «እንዴት ያለ ትልቅ ልዩነት» ካላችሁ ግን ተመሳሳዩን መረጃ ሁለት ጊዜ ተጠቅማችኋል። ግራፉ የግድ ያምራል፤ እንዲያምር ተመርጧልና።

9. በውሸት መረጃ አስሩጡት

ኮዳችሁ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ማለቅ ያለበት ከመረጃው በፊት ነው። ለመሞከር መጀመሪያ ንጹህ ኖይዝ ስጡት። የሐሰት ጥናቱን 100 ጊዜ ስታስሮጡት ጉልህ ውጤት የሚመጣው 5 ጊዜ ገደማ መሆን አለበት፤ 30 ጊዜ ከመጣ አንድ ቦታ ተሰብሯል። ቀጥሎ በአንድ አካባቢ የታወቀ መጠን ያለው ምልክት ጨምሩበት። ኮዱ አገኘው? መጠኑንስ በትክክል ገመተው?

እውነተኛ መረጃ ሲመጣም ከዋናው ኮንትራስት በፊት መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ጥያቄ ጠይቁ። በቀኝ እጅ ቁልፍ መጫን የግራውን የእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ማብራት አለበት። ካላበራ ሰዓቱ ተዛብቷል ወይም ግራና ቀኝ ተገልብጧል። ይህን ፍተሻ ሳታልፉ ወደ ግጭት ኮንትራስት መሄድ አይገባም።

10. እቅዱን ቆልፉ፣ ከዚያ ሁሉንም ዘርግፉ

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ ሥራ የ108 ሰዎችን የኤፍኤምአርአይ መረጃ ለ70 ቡድኖች ሰጠ። ሁሉም ተመሳሳይ 9 መላምቶችን ፈተኑ። አንድ ዓይነት አሠራር የተከተሉ ሁለት ቡድኖች እንኳ አልተገኙም፣ በብዙዎቹ መላምቶችም መልሳቸው ተለያየ። የማለስለሻው መጠን፣ የእንቅስቃሴ ዓምዱ ብዛት፣ የእርማቱ ዓይነት፣ ሁሉም ምክንያታዊ ምርጫዎች ናቸው፤ ሲደማመሩ ግን ውጤት ይቀይራሉ።

ስለዚህ ምርጫዎቻችሁን አንድ ሰነድ ላይ ጻፉና ኦኤስኤፍ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቀን ተመቶባቸው ይመዝገቡ። ሰነዱ ውስጥ ኮንትራስቶቹ በቁጥር፣ የተሳታፊ ብዛቱና ምክንያቱ፣ የሚወጣ ሰው የሚወጣበት ሕግ፣ የማለስለሻው መጠን፣ የሞዴሉ ዓምዶች ዝርዝር፣ የእርማቱ ዘዴ ይኑሩ። ኋላ ላይ አዲስ ነገር ብትሞክሩ ክልክል አይደለም፤ «ይህን አስቀድመን አላቀድነውም» ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ስትጽፉ ደግሞ የበራውን ቦታ ብቻ አታሳዩ። ያልተቆረጠውን ሙሉ የቲ ካርታ ኒውሮቮልት በሚባለው የአንጎል ካርታዎች ድረ ገጽ ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ተመራማሪ ከሌላ ጥናት ጋር ሊያዋህደው የሚችለው እሱን ነው። ስንት ሰው እንዳስወጣችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉ። የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር ጻፉ። ሲንጉሌት ስለበራ ብቻ «ተሳታፊዎቹ ተጨንቀው ነበር» አትበሉ፤ ያ አካባቢ በጣም ብዙ ዓይነት ሥራዎች ላይ ይበራል። ቀለም ያልነካውን ቦታም «አልሠራም» ብላችሁ አትጻፉ፤ መቁረጫውን አላለፈም ማለት ብቻ ነው፣ የግምቱን ስፋት ከጎኑ አስቀምጡለት።